ኦክታቩን አትሽጠው፣ ቱብ ስክሪመሩንም አትግዛ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። ቤዜ ባለ አምስት ክር አክቲቭ ነው። በሳምንት ሁለት ማታ ላውንጅ እሠራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሰርግ አለ። አምፕ የለኝም፤ ኬብሌ ቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ነው የሚገባው። ታላቅ ወንድሜ በቅርቡ ከአሜሪካ ስለሚመጣ እስከ 300 ዶላር ድረስ ፔዳል ልግዛልህ ብሎኛል። አንድ ጊታሪስት ጓደኛዬ ደግሞ ቱብ ስክሪመሩን በጥሩ ዋጋ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ከአጎቴ የቀረ የድሮ ቦስ ኦሲ-2 ኦክታቭም አለኝ። መብራቱ ግን ደብዝዟል፣ ድምፁም ይቆራረጣል። አንድ ልጅ "ብልሽ ስለሆነ በርካሽ ልውሰደው" ብሎኛል። ልሽጠው? ወንድሜስ ምን ይግዛልኝ?»

ወንድሜ፣ ከኦሲ-2ህ ልነሳ፤ የምትመታውን ኖታ በኦክታቭ ዝቅ አድርጎ የሚደግመው፣ በእግር የሚረገጠው ሳጥን። ኦሲ-2ህን አትሽጠው። ቢያንስ አንድ ሙከራ ሳታደርግ አትሽጠው።

ሙከራው ቀላል ነው። አዲስ የ9 ቮልት ባትሪ ግዛ፤ ያቺን አራት ማዕዘኗን። አዳፕተሩን ንቀል፣ ባትሪውን ክተት፣ ኬብልህን ሰክተህ ተጫወት። መብራቱ ቦግ ካለና ድምፁ ከተስተካከለ ፔዳልህ ጤነኛ ነው። አዳፕተሩም ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። ሁለቱ አይጣጣሙ ይሆናል፣ አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦስ በድሮ ጊዜ ፔዳሎቹን የሚሠራው ኤሲኤ ለሚባል አዳፕተር ነበር። ይሄ አዳፕተር ላዩ ላይ 9 ቮልት ይበል እንጂ በደንብ የተገደበ ስላልሆነ፣ በተግባር የሚያወጣው ወደ 12 ይጠጋል። ስለዚህ ትርፉን የሚቀንስ ሬዚስተርና ዳዮድ ፔዳሉ ውስጥ አስገቡ። በኋላ ፒኤስኤ የሚባለው፣ እቅጩን 9 ቮልት የሚሰጠው መጣ፤ አዳዲሶቹ ፔዳሎችም ለሱ ተስተካከሉ። ዛሬ ገበያ ላይ የምታገኘው የፔዳል አዳፕተር ባብዛኛው የፒኤስኤ ዓይነት ነው። እሱን ኤሲኤ የሚል ፔዳል ላይ ስትሰካው፣ ያ የድሮ ሬዚስተር ከ9ኙ ላይ መቀነሱን ይቀጥላል። መብራቱ ይደበዝዛል፣ ድምፁ ይንተባተባል። ባትሪ ግን በሬዚስተሩ በኩል አያልፍም። የአዳፕተሩ መሰኪያ አካባቢ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። ኤሲኤ የሚል ከሆነ ምሥጢሩ ይሄው ነው፤ 12 ቮልት አዳፕተር ፈልግለት። ፒኤስኤ የሚል ከሆነ ግን 12 ቮልት አጠገቡም እንዳይደርስ።

«በርካሽ ልውሰደው» ያለህ ልጅ ይሄን አውቆ ይሁን ሳያውቅ እንጃ። ካወቀ ጎበዝ ነው።

ኦሲ-2 ከ1982 እስከ 2003 የተመረተ ፔዳል ነው።  በኋላ ቤዚስቶች ያን ወፍራም፣ ጎርናና የሲንተሳይዘር የመሰለ ድምፅ ሲፈልጉት አሮጌው ዋጋው ወጣ። ቦስ ራሱ በ2020 ኦሲ-5ን ሲያወጣ የድሮውን ድምፅ የሚያስመስል «ቪንቴጅ» የሚባል ማብሪያ አደረገበት። ሰው ይሄን ያህል የሚፈልገውን እቃ በደበዘዘ መብራት ምክንያት ልትጥለው ነበር። እኔ ጥዬዋለሁ። የቤት ኪራይ ደርሶብኝ የነበረኝን ኦሲ-2 ከነካርቶኑ ሸጥኩት። ገዢው ዋጋ ሳይከራከር ብሩን ሲቆጥር ነው የተሸወድኩት የገባኝ።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። በባትሪም ቢሆን ወፍራሙ ክር ላይ ይንተባተባል። ብልሽት አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። ፔዳሉ የሚሠራው የመጣለትን ኖታ ቆጥሮ በግማሽ በመቀነስ ነው። ሁለት ኖታ ባንዴ ከሰጠኸው ይደናገራል፤ በጣም ዝቅ ያለ ኖታም ይከብደዋል። ሂሳቡንም እየው። የአምስተኛው ክርህ ባዶ ኖታ ወደ 31 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 31 ጊዜ ያህል ይርገበገባል ማለት ነው። ከሱ አንድ ኦክታቭ ብትወርድ 15 ኸርዝ ላይ ትደርሳለህ፤ የሰው ጆሮ ደግሞ ከ20 በታች አይሰማም። ስፒከሩን ከማልፋት በቀር ጥቅም የለውም። ስለዚህ እጅህን ወደ ላይ አውጣው። ቀጭኑ ክር አምስተኛው ፍሬት ላይ 131 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ኦክታቩ 65 ይሆናል። ጥርት ያለ ቤዝ እዚያ ነው ያለው። የቶን ማዞሪያህን ቀንስ፣ ወደ አንገቱ የቀረበውን ፒክአፕ ተጠቀም፣ አንድ አንድ ኖታ እየለየህ ምታ። የቀጥታውን ድምፅ ዘግተህ ኦክታቭ አንዱን ብቻ ብታወጣው ኪቦርድ ቤዝ ሆኖ ቁጭ ይላል። ባንዱ በአንድ ኪቦርድ በተተካበት ዘመን የተቀዱ ስንት የሰርግ ዘፈኖች አሉ! ቤዛቸው የጣት አይደለም። አንተ ግን በጣትህ ልታመጣው ትችላለህ። ላንተ ሥራ ከዚህ የሚበልጥ ኢፌክት አላውቅም፤ እሱም እቤትህ አለ።

አሁን ወደ ጓደኛህ ቱብ ስክሪመር።

ጥሩ ፔዳል ነው። ኦቨርድራይቭ ይሉታል፤ ድምፁን ሆን ብሎ ሰበር፣ ሻከር የሚያደርግ ማለት ነው። የተሠራው ግን ለጊታር ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ኸርዝ ነው፤ ያንተ «ኢ» ክር 41። የጊታር ኦቨርድራይቭ ሠሪዎች ዝቅተኛውን ድምፅ ሆን ብለው ይቀንሱታል። ካልቀነሱት ሲሰበር ጭቃ ይሆናል። ቱብ ስክሪመር ውስጥ ድምፁ በደንብ ጎልቶ የሚሰበረው ከ720 ኸርዝ በላይ ያለው ነው። ካንተ «ኢ» አራት ኦክታቭ ያህል ከፍ ብሎ ማለት ነው። ስትረግጠው መሃሉ ይጮሃል፣ ሆዱ ይጠፋል። እቤት ብቻህን ስትሞክረው ያምራል። ከድራም ጋር ስትገባ ግን ዘፋኙ ዞር ብሎ «ቤዙ የታለ?» ይልሃል።

የቤዝ ተብለው የሚሠሩት ኦቨርድራይቮች ይሄን የሚፈቱት «ብሌንድ» በሚባል ማዞሪያ ነው። ንጹሑን ድምፅ ከተሰበረው ጋር በፈለግከው መጠን ታቀላቅላለህ። የቦስ ኦዲቢ-3 «ባላንስ» በሚል ስም አለው፣ የሄልሲንኪው ኩባንያ ዳርክግላስ የታወቀው በዚሁ ነው። ሊሸጥልህ የቀረበ ፔዳል ላይ ብሌንድ ካላየህ፣ ወይ ሌላ ማቀላቀያ አለኝ በል፣ ወይ እለፈው።

ለሰርግ ዲስቶርሽን ምን ያደርግልኛል ትለኝ ይሆናል። በጣም ጥቂት ብታስገባ ያደርግልሃል። የአዳራሽ ትንንሽ ስፒከሮች 41 ኸርዝን በወጉ አያወጡም። ቪዲዮውን በስልክ የሚያየው ዘመድማ ጭራሽ አይሰማውም። ድምፁ ትንሽ ሲሰበር ግን ከዋናው ኖታ በላይ ያሉት እጥፎች ይጎላሉ። ጆሮ ደግሞ እነሱን ሰምቶ የታችኛውን ራሱ ይሞላዋል። ተሰብሳቢው «ተሰበረ» ሳይል «ቤዙ ተሰማ» የሚልበት መጠን አለ። ያቺን መጠን ለማግኘት ዲስቶርሽን ፔዳል እንኳ አያስፈልግህም።

ወደ ዋናው ነገር መጣሁ። አምፕ የለኝም፣ ሚክሰር ነው የምገባው ብለሃል። እንግዲያው መጀመሪያ መግዛት ያለብህ ዲአይ (ሲግናሉን ለሚክሰር አዘጋጅቶ የሚልክ መውጫ) ያለው የቤዝ ፕሪአምፕ (ድምፁን የሚያጎላና የሚቀርጽ ሳጥን) ነው። አምፕህ እሱ ይሆናል። ከቤዝህ የሚወጣው ሲግናል ረጅም ኬብል አይወድም። መድረክ ላይ ካለህበት እስከ ሚክሰሩ 20 ሜትር በተራ የጊታር ኬብል ሲጎተት መንገድ ላይ የመብራቱን፣ የፍሪጁን፣ የጄኔሬተሩን ጩኸት ይለቅማል። ዲአይ ግን ሲግናሉን ባላንስድ አድርጎ፣ ማለትም በሁለት ተቃራኒ ሽቦ፣ በማይክ ኬብል ይልከዋል፤ ጩኸቱ ሚክሰሩ ጋ ሲደርስ ይጠፋል። ብዙዎቹ ላይ የግራውንድ ማንሻም አለ። ያ «ዝዝዝ» የሚል ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የምትነካው እሱን ነው።

ከነዚህ ውስጥ የቴክ 21 ሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር ዲአይ የዓለም ቤዚስት ሁሉ የሚያውቀው ነው። የቲዩብ አምፕን ጠባይ ያስመስላል፣ ቅድም ያልኩህን ጥቂት ስብራት ይሰጥሃል፣ ብሌንድ አለው። በፋንተም ፓወርም ይሠራል፤ ሚክሰሩ ላይ 48 ቮልቱን ካበሩልህ አዳፕተር አያስፈልግህም። ለኛ መድረክ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሶኬት ፍለጋ መሬት ለመሬት መሄድ ቀረ ማለት ነው። ያገለገለ ከሆነ ወንድምህ ያለ ችግር ያገኘዋል። በዚህ ላይ ገንዘብ ከጠበበ የቤሪንገር ቢዲአይ-21 በዚያው ሐሳብ የተሠራ፣ በጣም ርካሽ እቃ ነው። ሰውነቱ ፕላስቲክ ነው፤ በጫማ ተረከዝ አትምታው እንጂ ድምፁ አያሳፍርም።

ከተረፈ ዙም ቢ1 ፎር ጨምርበት። ብዙ ኢፌክት ባንድ ላይ የያዘች ትንሽ ሳጥን ናት። ቱነር አላት፣ ሪትም አላት፣ የተጫወትከውን ቀድቶ የሚደጋግም ሉፐር አላት፣ በኢርፎን ሌሊት ትለማመድባታለህ። ኮምፕረሰሩን፣ ኮረሱን፣ ፊልተሩን፣ ሁሉንም ትሞክርባታለህ። ሦስት ወር ከተጠቀምክባት በኋላ የትኛውን ኢፌክት በእውነት እንደምትረግጠው ታውቃለህ፤ ያኔ የሱን ለብቻው የተሠራ ፔዳል ግዛ። ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ስድስት ፔዳል ይገዛና አምስቱን ይሸጣል። ዙሟ ባላንስድ መውጫ ስለሌላት ከዲአዩ በፊት ነው የምትገባው። ዲአዩን አትተካም።

ኮምፕረሰር፣ ጠንካራና ለስላሳ ምትህን የሚያቀራርበው፣ ግዴታ ነው የሚሉህ አሉ። አይደለም። አራት ለአንድ ብለህ ብታስተካክለው፣ ከገደቡ በላይ 4 ዴሲቤል የወጣው 1 ብቻ ሆኖ ይወጣል፤ ሥራው ይሄው ነው። ችክችካ ሲፈጥን እጅህ አንዱን ኖታ ጠብቆ አንዱን ላልቶ የሚመታ ከሆነ ያስተካክልልሃል። ግን ያንን ስህተት ከራስህም ይደብቅብሃል። የሮሃ ባንዱን ቤዚስት ጆቫኒ ሪኮን አድምጥ። ኖታዎቹ አንድ ልክ ይዘው ሲሄዱ ትሰማለህ። እኔ በዙሟ ኮምፕረሰር ጀምር እላለሁ። ካመንክበት በኋላ የኤምኤክስአር ቤዝ ኮምፕረሰርን አስብ፤ ስንት እንደቀነሰ በመብራት ስለሚያሳይህ ጆሮህን ያስተምራል።

ኢንቨሎፕ ፊልተር ከወደድክ ያ የፈንኩ ቤዚስት የቡትሲ ኮሊንስ «ዋው ዋው» ነው፤ እሱ ሙ-ትሮን 3ን ይጠቀም ነበር። ከኮምፕረሰር በፊት አድርገው። ፊልተሩ የሚከፈተው ባመታትህ ጉልበት ስለሆነ፣ ጉልበቱን ኮምፕረሰር ካስተካከለው በኋላ የሚከፍተው ነገር ያጣል። ለሰርግ ግን ይቅርብህ። አንዱን ድምፅ ብዙ የሚያስመስለውን ኮረስንም ለጊዜው እርሳው።

አክቲቭ ቤዝ ስላልከኝ አንድ ነገር ልጨምር። አክቲቭ ቤዝ ሆዱ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ማጉያ ስላለው ጉልበቱ ከፍተኛ ነው፤ የቤዝህ ማዞሪያዎች ሁሉ ጥግ ድረስ ከተከፈቱ የመጀመሪያው ፔዳል ላይ ድምፁ ሳትፈልግ ይሰበራል። ቤዝና ትሬብሉን መሃል ላይ አቁማቸው። ቤዝህ ሆድ ውስጥ ያለውን ባትሪ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ቀየርከው? ስንቱ ሰው ፔዳሌ ተበላሸ እያለ ቆይቶ የቤዙ ባትሪ ሆኖ ተገኝቷል። ኬብሉ ቤዙ ላይ እንደተሰካ ካደረ ባትሪው ያልቃል። የቦስ ፔዳልም እንዲሁ ነው፤ ኢንፑቱ ላይ ኬብል ካለ ባትሪው እየበላ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ለወንድምህ አንብብለት።

አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ እኛ 220። አዳፕተር ሲገዛ ጀርባው ላይ «ኢንፑት» ከሚለው ቀጥሎ ከ100 እስከ 240 የሚል ቁጥር ይፈልግ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ እዚያው ይተወው። ያቺ በየሱቁ የምትሸጥ የሶኬት ማስተካከያ የምትቀይረው የጥርሱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይደለም። እኔ ይሄን የተማርኩት መድረክ ላይ ነው። ዘመድ ያመጣልኝን አዳፕተር ሰካሁ። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ቀጥሎ ጢስ፣ ቀጥሎ ጸጥታ። ያን ማታ ያለ ፔዳል ጨረስኩት። ማንም ልብ ያለ አልነበረም፤ ያ ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው።

ባብዛኛው ፔዳል 9 ቮልት ሆኖ መሃሉ ኔጌቲቭ ነው። ሁሉም ግን አይደለም፤ ፔዳሉ ላይ የተሣለችውን ምልክት ከአዳፕተሩ ጋር ማመሳከር ነው። ሚሊአምፔሩንም እይ። የድሮ አናሎግ ፔዳል በጥቂት ይኖራል። ዙሟ ግን አዳፕተሯ 500 ሚሊአምፔር ነው። አዳፕተሩ ከሚፈለገው በላይ ቢችል ችግር የለውም፤ ካነሰ ነው ችግሩ። ዲጂታሉንና ኦሲ-2ን ባንድ አዳፕተር በቅጥልጥል ገመድ አታያይዛቸው፤ ያፏጫል። መብራት ከጠፋብህ ደግሞ ሁሉንም ንቀል። ተመልሶ ሲመጣ የሚመጣበት ጉልበት ነው እቃ የሚገድለው።

ያገለገለ ሲገዛ ወንድምህ ሻጩ የለጠፈውን ዋጋ አይመን። ሪቨርብ የሚባለው የሙዚቃ እቃ መገበያያ ድረገጽ ላይ የተሸጡበትን ዋጋ ማየት ይቻላል። በኔ ልምድ ደህና የተያዘና አሁንም የሚመረት ፔዳል ከአዲሱ ዋጋ ከ60 እስከ 70 በመቶ ገደማ ይሸጣል። ከዚያ በጣም ካነሰ «ለምን?» ማለት ነው። ከበረራው ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ እቤቱ ይድረሰው፤ የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ እንዲሞከር። ሙዚቀኛ ካልሆነ ኃይል ሰክቶ፣ እያበራ እያጠፋ፣ ማዞሪያዎቹን እያዞረ ቪዲዮ ይላክልህ። ሲዞር «ኩሽኩሽ» ካለ አቧራ ነው፤ በኮንታክት ክሊነር ይለቃል። ጃኩ ከተወዛወዘ፣ ወይም የባትሪ ቤቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ካለ ግን ይመልሰው።

አንተ ደግሞ እዚህ የሆነ ነገር ስትሸጥ፣ ጉድለቱን ራስህ ቀድመህ ተናገር። ከታች ያለውን ወረቀት ልጠህ ቬልክሮ አትለጥፍ፤ ሴሪያል ቁጥሩ እዚያ ስለሆነ ገዢ ይጠረጥራል። ካርቶኑን አትጣል። ሶኬት ያለበት ካፌ ተቀጣጠሩ፣ ገዢው በራሱ ቤዝ ይሞክር። ስክሪንሹት ብር አይደለም። ገንዘቡ አካውንትህ መግባቱን በራስህ ስልክ ሳታይ እቃውን አትልቀቅ።

ቱብ ስክሪመሩን በተመለከተ ጓደኛህን አታስቀይመው። ባንዳችሁ ውስጥ ያለው ጊታሪስት ቢገዛው ይመርቅሃል።

ኦሲ-2ውን ነገውኑ በባትሪ ሞክረውና ንገረኝ። የግድ እሸጠዋለሁ ካልክ ደግሞ ከዚያ ልጅ በፊት እኔ ጋ ደውል። ዋጋ አልከራከርህም።